ቡፌው ላይ ያለው ወይን አቼቶ ሳይሆን

ይህን ጽሑፍ ከመቀጠልዎ በፊት ከሶፋዎ ብድግ ይበሉና ሳሎን ያለውን ቡፌ ይክፈቱ። የቡና ሲኒዎቹን፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡትን ብርጭቆዎችና የልጆቹን ፎቶ አለፍ አድርገው ወደ ኋላ ይመልከቱ። አቧራ የለበሰ የወይን ጠርሙስ አለ? አንድ ነው? ሦስት ነው? ወይስ ስድስት ደርሷል?

ካለ፣ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። አርባ ምንጭ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ፣ ሴቻም ይሁን ሲቀላ፣ ነገሩ ይበልጥ ይመለከትዎታል። ለምን እንደሆነ እንደርስበታለን።

ማንም ሰው "ዛሬ ወይን ማጠራቀም ልጀምር" ብሎ አይነሳም። ጠርሙሶቹ ራሳቸው እየመጡ ይሰበሰባሉ። አንዱን አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድምዎ ለመስቀል ሲገባ ይዞት መጣ። በጋሞ ምድር መስቀል፣ "ዮ ማስቃላ" የሚባልበት ያ ታላቅ በዓል፣ የወጣ ሁሉ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ ነውና ባዶ እጁን የሚገባ የለም። ሌላውን አዲሱን ቤት ስትመርቁ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችዎ አመጡት። ሦስተኛው ከእህትዎ ሠርግ የተረፈ ነው። አራተኛውን ራስዎ ገዙት፤ አንድ ቅዳሜ ከጫሞ አሳ ጋር ቀምሰውት ስለወደዱት "ለሌላ ጊዜ" ብለው አስቀመጡት። ያ ሌላ ጊዜ ግን እስካሁን አልመጣም።

ከእነዚህ ጠርሙሶች ውስጥ ውድ የሚባል ላይኖር ይችላል። ተደምረው ግን የቤተሰብ ገንዘብ ናቸው። ከገንዘቡም በላይ የሰው ፍቅርና አክብሮት አለባቸው። ስለዚህ ቆመው እንዲበላሹ መፍቀድ አይገባም። ሊጠጧቸው፣ ሊለውጧቸው፣ አልፎ አልፎም ለወዳጅ ሊሸጧቸው ይችላሉ። ከሁሉ የሚከፋው ምንም አለማድረግ ነው።

የምርቃቱ ቀን ጠርሙስ

እስቲ ይህን ያስቡ። ሴት ልጅዎ ዘጠነኛ ክፍል በገባችበት ዓመት አንድ ቀይ ወይን ገዙ። ዋጋው መጠነኛ ነው። "ይቺ የምትከፈተው ልጄ ስትመረቅ ነው" ብለው ቡፌው አናት ላይ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት አቆሟት። ልጅቷ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ስምንት ዓመት አለፈ። በምርቃቷ ዕለት ቤቱ በሰው ሞልቷል። አያቷ ከጨንቻ ወርደዋል፣ የወደፊት አማቾችዋም አሉ። እርስዎ ተነስተው የጠርሙሷን ታሪክ ተረኩ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ቡሹ ሲነቀል ግን ግማሹ ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። የተቀዳው ወይን ጡብ የመሰለ ቡናማ ነው። ጋሼ አንዴ ተጎነጩና ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ማንም ምንም አላለም።

ጥፋቱ የወይኑ አይደለም። የገዙበት ሱቅም ላያጠፋ ይችላል። ጥፋቱ ብዙዎቻችን እውነት ነው ብለን የያዝነው አንድ አባባል ነው፤ "ወይን ሲቆይ ይጥማል" የሚለው።

"ሲቆይ ይጥማል" የሚሠራው ለየትኛው ነው?

አባባሉ ከምንም አልመጣም። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ኒውዮርክ ውስጥ ሶዝቢስ የተባለው የጨረታ ድርጅት አንዲት የፈረንሳይ ቡርጎኝ ወይን ጠርሙስ በ558,000 ዶላር ሸጧል። ጠርሙሷ ሮማኔ ኮንቲ የተባለው ወይን ነበረች፤ የተሠራችው በአውሮፓውያን 1945 ነው። ይህን የሰማ ሰው ቡፌውን ዞር ብሎ ቢያይ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ያ ወይን ሲጠመቅም እንዲቆይ ተብሎ ነው። በዚያ ዓመት የተሠራው ጥቂት መቶ ጠርሙስ ብቻ ነበር። ዕድሜውንም ያሳለፈው በቀዝቃዛና ጨለማ ምድር ቤት ነው። ከዓለም ወይን እጅግ የሚበዛው እንዲህ አይደለም። በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጠው ወይን የሚሠራው ከሱቅ ተገዝቶ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ነው።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጠላን ስምንት ዓመት የሚያስቀምጥ የለም። ጠጅም ጊዜው ሲያልፍ እንደሚኮመጥጥ የጠጅ ቤት ደንበኛ ሁሉ ያውቃል። ቦርዴ ደግሞ ቀናት ብቻ ነው ያለው። ለቤታችን መጠጥ የምናውቀውን ሕግ፣ ጠርሙሱ ላይ የፈረንጅ ፊደል ሲለጠፍበት እንረሳዋለን።

አንድን ወይን የሚያቆዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ኮምጣጤነቱ፣ ስኳሩና ታኒን የሚባለው ንጥረ ነገር። ታኒን በጣም የከረረ ሻይ ሲጠጡ ምላስዎን የሚያደርቀው ያ ነገር ነው። ከወይን ፍሬው ልጣጭና ዘር ይመጣል። ዕድሜ የሚጠግቡ ወይኖች ይህ በብዛት አላቸው። በርካሽ የሚሸጡ ወይኖች ግን ገና ከጅምሩ ለስላሳ ሆነው ስለሚሠሩ ከጊዜ ጋር የሚታገሉበት ጉልበት የላቸውም።

ስለዚህ እንደ መነሻ ይህን ይያዙ። መጠነኛ ዋጋ ያለው ነጭ ወይንና ሮዜ ከተገዛ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠጣ። ተራ ቀይ ወይን ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት፣ በጣም ጥሩ ቦታ ከተቀመጠም ትንሽ ሊጨምር ይችላል። አረፋ ያለውም ቢሆን ከሁለት ዓመት አይለፍ። በአገራችን ሱቆች የምናገኛቸው ጉደርና አክሱማይት፣ እንዲሁም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበያ ላይ የዋሉት የዝዋዩ ካስቴል ሪፍት ቫሊና አካሺያ ለማዕድ የሚቀርቡ ወይኖች ናቸው። ገዝተው ይደሰቱባቸው እንጂ ለልጅ ልጅ አያውርሷቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ቁጥሩ። ከውጭ በመጣ ወይን ላይ የሚያዩት ዓመት ወይኑ የተለቀመበት የአውሮፓውያን ዘመን ነው። "2019" የሚል ካዩ በእኛ 2011 ወይም 2012 ዓ.ም. ማለት ነው። "ገና ሊሠራ ነው እንዴ?" ብለው አይሳቁ፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይቀንሱ።

የአርባ ምንጭ ሙቀት ሰዓቱን ያፈጥነዋል

አሁን ለምን አርባ ምንጭን ለብቻ እንዳነሳን እንንገርዎ። ወይን የሚስማማው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ የሆነ፣ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ የማይል ቦታ ነው። አርባ ምንጭ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ በዓባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ያለች የቆላ ከተማ ናት። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል እርስዎ ያውቁታል።

በእንዲህ ያለ ሙቀት ወይኑ ቶሎ ያረጃል። ፈሳሹ ሲሞቅ ይሰፋና ቡሹን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም አየር ይገባል። አየር የገባበት ወይን መጨረሻው አቼቶ ነው። ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ፣ በተለይ ነጭ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ወይን፣ ሽታውም ይቀየራል። ቆሞ የተቀመጠ ጠርሙስ ደግሞ ቡሹ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ቡፌ አናት ላይ፣ መስኮት ፊት ለፊት፣ ቆሞ ማለት እንግዲህ ሦስቱን ጠላቶች በአንድ ቦታ መሰብሰብ ነው።

ምን ይሻላል? በቤትዎ ውስጥ ፀሐይ የማታየውን ግድግዳ ይፈልጉ። ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሳጥን ወለል ላይ፣ በካርቶን ውስጥ፣ ጠርሙሶቹን በጎን ያጋድሟቸው። የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው ቢቆምም ችግር የለውም። ኩሽና ውስጥ፣ ከምድጃው ወይም ከፍሪጁ ጀርባ አጠገብ ግን አያስቀምጡ። በቅርብ ሳምንታት የሚጠጣው ፍሪጅ ውስጥ ቢቆይ ጥሩ ነው።

ጨንቻ ወይም ዶርዜ ዘመድ ካለዎት ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ዕድል አለዎት። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አትርቅም፤ ከፍታዋ ግን ከ2,600 ሜትር በላይ ነው። ጉም የማይለያት፣ ጋቢ ሳይደርቡ የማይታደርባት ከተማ ናት። ሌሎች አገሮች ሰዎች ብዙ ገንዘብ አውጥተው የሚሠሩትን ቀዝቃዛ ምድር ቤት፣ የጋሞ ደጋ በነጻ ሰጥቶዎታል። ለሚቀጥለው ዓመት ሠርግ የገዙት ካርቶን ወይን ካለ፣ እናትዎ ጓዳ ቢከርም ወይኑም ይጠቀማል፣ እርስዎም እናትዎን የሚጠይቁበት ምክንያት ያገኛሉ።

መጀመሪያ ይቁጠሩ፣ ከዚያ ይለዩ

አንድ እሑድ ከሰዓት ሁሉንም ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩ። ደብተር ይያዙ። የወይኑን ስም፣ የመጣበትን ጊዜ፣ ማን እንደሰጠዎትና የት እንደቆመ ይጻፉ። ከዚያ በአራት ነገር ይመርምሩ።

አንደኛ፣ ቡሹ። ወደ ላይ የወጣ ወይም ዙሪያው የተጣበቀ ሙጫ የመሰለ ነገር ያለው ከሆነ ወይኑ ፈስሷል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ መጠኑ። አብረው ከተገዙት ያነሰ፣ ከጠርሙሱ አንገት በታች የወረደ ከሆነ አየር ገብቶበታል።

ሦስተኛ፣ ቀለሙ። ብርሃን ላይ አድርገው ይዩት። ነጭ ወይን ጠጅ ወይም ሻይ ከመሰለ፣ ቀይ ወይን ጡብ ከመሰለ ጊዜው ሄዷል።

አራተኛ፣ ታሪኩ። መስኮት ላይ አራት ዓመት የቆመ ጠርሙስ ቢያምርም አይመኑት።

ከዚህ በኋላ ሦስት ቦታ ይክፈሉት፤ "በዚህ ወር እንጠጣው"፣ "ለሌላ ሰው ይሻላል" እና "አበቃለት"። ውስኪ፣ ጂንና ሌሎች ጠንካራ መጠጦች ከዚህ ምርመራ ውጭ ናቸው። እነሱ ታሽገው ቀጥ ብለው ከቆሙ አይበላሹም፤ በጠርሙስ ውስጥም አያረጁም።

የጋሞ ገበያ ጥበብ

"ለሌላ ሰው ይሻላል" ያሉትን ምን ያድርጉት? የጋሞ ሰው ለዚህ መልስ ካገኘ ቆይቷል። ደጋው ገብስና እንሰት አለው፤ ቆላው በቆሎ፣ ጥጥና ሙዝ አለው። ጥጡ ከቆላ ይወጣል፣ የዶርዜ ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል፣ ጋቢና ነጠላ ሆኖ ይመለሳል፤ አልፎም ሽሮ ሜዳ ድረስ ይዘልቃል። አንዱ ጋ የተረፈው ሌላው ጋ የጎደለ ነው። ገበያ የሚባለው ነገር ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ጠርሙሶቻችንም እንደዚሁ ናቸው። በጋሞ ዞን የፕሮቴስታንት እምነት ተከታዮች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም አልኮል የማይቀምሱት ይበዛሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ። ነገር ግን ከሌላ ከተማ የመጣ የሥራ ባልደረባ ይህን ሳያውቅ ጠርሙስ ይዞ ይገባል። አክብሮ ነውና ይቀበሉታል፤ ከዚያ ቡፌ ውስጥ ይቀራል። በአንጻሩ ሁለት ቤት አልፎ ለልጁ ክርስትና ወይን የሚፈልግ ጎረቤት አለ። አንዱ ጣፋጭ ቀይ ወይን አምስት አለው፣ እሱ ግን የሚወደው ደረቁን ነው። ሌላው በተቃራኒው።

አምስት ስድስት የሚተዋወቁ ቤተሰቦች ተሰባስበው መለዋወጥ ይችላሉ። ዕቁብና ማኅበር ላደግንበት ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ቤት ሁለት ወይም ሦስት ጠርሙስ ያምጣና በዋጋ ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ለአንድ ይለዋወጥ። የማይጠጡ ቤተሰቦች በጠርሙስ ፈንታ ሌላ ነገር ቢወስዱ ማን ይከለክላቸዋል? የጨንቻ ፖም በቅርጫት፣ ሙዝ በዘለላ፣ ማር በጣሳ፤ ሁሉም ከተበላሸ ወይን ይሻላል።

ጉዳዩን ማንሳት ካሳፈረዎት በቀላሉ ይጀምሩት። "እትዬ፣ ይቺን ጠርሙስ ያመጣልን ሰው አክብሮን ነው፤ እኛ ግን አንጠጣም። ለእናንተ በዓል ትጠቅም ይሆን?" ይበሏቸው። እትዬም "ታዲያ ባዶ እጅሽን አትመለሺም" ማለታቸው አይቀርም። ልውውጡ ያን ጊዜ ተጀመረ።

አንድ ነገር ግን አይርሱ። የሰጡት ጠርሙስ ስምዎን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ያለዎትን እውነት አብረው ይስጡ። መቼ እንደመጣ፣ የት እንደቆመ፣ ፀሐይ አግኝቶት እንደሆነ ይናገሩ። የተጠራጠሩትን ጠርሙስ ለሠርግ ወይም ለአማት ስጦታ አይስጡ፤ ያቺ የምርቃት ቀን ዝምታ በሌላ ሰው ቤት እንድትደገም አይፈልጉም። በቡድን ከሆነም አስቀድመው ይስማሙ፤ የተለወጠ ጠርሙስ ሲከፈት ተበላሽቶ ከተገኘ ሰጪው በሌላ ይተካል፣ ተቀባዩም በይሉኝታ ዝም አይልም። ይሉኝታ ወዳጅነትን የሚጠብቅ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቅሬታን ነው የሚጠብቀው።

ልሽጠው ካሉስ?

ለወዳጅ ወይም ለዘመድ አንድ ሁለት ጠርሙስ በገንዘብ ማስተላለፍ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ነገር ግን ሒሳቡን በትክክል ይሥሩት።

መነሻዎ የገዙበት ዋጋ አይሁን። ዛሬ ያው ጠርሙስ ሱቅ ውስጥ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ከዚያ ይቀንሱ፤ ሱቁ ደረሰኝ ይሰጣል፣ እርስዎ አይሰጡም፤ የሱቁ ዕቃ አዲስ ነው፣ የእርስዎ ቆይቷል። በደንብ የተቀመጠ ከሆነ የሱቁ ዋጋ ሁለት ሦስተኛ፣ ካልሆነ ግማሽ ቢጠይቁ ገዢዎም አይከፋም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ለምሳሌ በ2013 ዓ.ም. 400 ብር የገዙት ከውጭ የመጣ ወይን ዛሬ ሱቅ 1,000 ብር ይሸጣል እንበል። ለጓደኛዎ በ600 ብር ሰጡት። 200 ብር አተረፍኩ ይላሉ? በዚያ 600 ብር ያንኑ ጠርሙስ መልሰው መግዛት አይችሉም። የጨመረው የወይኑ ክብር አይደለም፤ የቀነሰው የብሩ የመግዛት አቅም ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ፣ ወይኑም ጭምር፣ ይህን ተከትሎ ነው የሄደው።

ስለዚህ "ወይን ገዝቼ ላስቀምጥና ሲወደድ እሸጣለሁ" የሚል ሐሳብ ካለዎት ይተዉት። መጠነኛ ወይን በየዓመቱ ጣዕሙ ይወርዳል፤ ዋጋው በብር ቢጨምርም ዕቃው እያለቀ ነው። ትርፉ ሌላ ነው። ሊበላሽ የነበረ ጠርሙስ 600 ብር ሆኖ ለልጅ ደብተር ከዋለ ያ በቂ ትርፍ ነው።

ሕጉንም እንወቅ። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት፣ መሸጥን ሥራዬ ብሎ የሚይዝ ሰው የንግድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከቡፌዎ የተረፈውን ለዘመድ ማስተላለፍ አንድ ነገር ነው፤ እየገዙ በየጊዜው መሸጥ ግን ንግድ ነው። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ከዚሁ ጋር አንድ ልማዳችንን እንመልከት፤ "ማሙሽ፣ ይቺን ለእትዬ አድርስ" እያልን ጠርሙስ በልጅ እጅ አንላክ። የማይቆለፍ ቡፌ ውስጥ ያለ መጠጥም ለታዳጊ ልጅ ፈተና ነውና፣ ቁጥሩን የሚቀንስ ልውውጥ በዚህም በኩል ቤተሰብን ይጠቅማል።

ስጦታን ለሌላ መስጠት ነውር ነው?

ብዙዎች የሚፈሩት ይህን ነው። "የሰው ስጦታ እንዴት ይሸጣል? እንዴትስ ለሌላ ይሰጣል?" ይላሉ። ፍርሃቱ መልካም አስተዳደግን ያሳያል። ነገር ግን ሰጪው የፈለገው ወይኑ ቡፌ ውስጥ እንዲያረጅ አልነበረም፤ በእርስዎ ደስታ ውስጥ እንዲገኝ ነው።

ጥቂት ጥንቃቄ ይበቃል። የስጦታ ከረጢቱን ውስጥ በደንብ ይፈትሹ፤ ስምዎ የተጻፈበት ካርድ ሊቀር ይችላል። ሰጪው በሚገኝበት ድግስ ላይ ያንኑ ጠርሙስ አይውሰዱ። ስጦታውን ከሸጡት ደግሞ ገንዘቡ የት እንደገባ የሚታወቅ ነገር ይግዙበት። ወንድምዎ ያመጣው ወይን ለእናታችሁ ነጠላ ከሆነ፣ በሚቀጥለው መስቀል ሲመጣ አያፍሩም፤ ያሳዩታል።

"አበቃለት" ያሉትስ?

ከፍተው ሳይቀምሱ አይጣሉት። የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ ነው ያበላሸው፤ ይደፋ። በመጠኑ የኮመጠጠ ከሆነ ግን ለሥጋ ማለስለሻ፣ ለጥብስ ወይም ለሰላጣ አቼቶ ሆኖ ያገለግላል። ባዶው ጠርሙስም ቢሆን ጠዋት በሰፈሩ የሚያልፈው ቆራሌው ይጠይቅዎታል፤ ወይም ታጥቦ የዘይት መያዣ ይሆናል።

በሌላ በኩል "በዚህ ወር እንጠጣው" ያሉትን በእርግጥ ይጠጡት። ነጩን ወይን በደንብ አቀዝቅዘው ከአሳ ጥብስ ጋር ያቅርቡት። ቀዩንም ቢሆን በአርባ ምንጭ ሙቀት እንዳለ አይቅዱት፤ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። የተረፈው ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። መኪና የሚነዳ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም መድኃኒት የሚወስድ እንግዳ ካለ ሳያስጨንቁ አምቦ ውኃ ያቅርቡለት።

ለልጅዎ ምርቃት

ወደዚያች ጠርሙስ እንመለስ። ለልጅዎ የሚሆን ነገር ማስቀመጥ መፈለግዎ ትክክል ነው። ስህተቱ ያስቀመጡት ነገር ላይ ነው።

ልጅዎ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ወይኑን ይግዙ፤ ግን በዚያው ሳምንት ከባለቤትዎና ከቅርብ ወዳጆችዎ ጋር ይክፈቱት። መለያ ወረቀቱን በሞቀ ውኃ ነክረው ይላጡትና ያድርቁት። ከኋላው ቀኑን፣ ማን ማን እንደነበረ፣ ልጅቷ የዚያን ቀን ምን እንዳለች ይጻፉበት። ከዚያ በቤተሰብ አልበም ውስጥ ያስቀምጡት። ወረቀት ሙቀት አያኮመጥጠውም።

ስትመረቅ ያንኑ ስም የያዘ አዲስ ጠርሙስ ይግዙ። ጋሼ ፊት ቡሹን ይንቀሉ። ሲቀዳ ወረቀቱን ለልጅዎ ይስጧትና ጮክ ብላ ታንብበው። ከጨንቻ የወረዱት አያቷ ስማቸው ሲጠራ ይሰማሉ። በዚህኛው ድግስ ላይ ቤቱ ዝም ቢል እንኳ፣ ዝምታው የሚመጣው ከሌላ ነገር ነው።

ቡፌው አሁንም ክፍት ነው። የካቲት ገብቶ ሙቀቱ ሳይበረታ አንዱን ጠርሙስ ዛሬ ያውርዱት፤ ሌላውን ደግሞ ነገ ለሚፈልገው ጎረቤት ይውሰዱለት።